አሥር ቡና ጠጥቶ አንድ ብራውኒ

ከገብርኤል ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሞባይል መለዋወጫ ሱቅና በፋርማሲ መሀል የተሸጎጠች ባለ 8 ጠረጴዛ ኬክ ቤት አለች። ስሟን አልጽፍም። አንደኛ፣ ወቀሳ አለኝ። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ባመሰግነውም ብወቅሰውም "ምን ታድርግ፣ ተማሪዋ ነው" መባሌ አይቀርም። ፈልጎ ማግኘት የሚፈልግ ሰው ከሰዓት 9 ሰዓት ገደማ በዚያ ይለፍ። የባለቤቱ እናት ደጃፉ ላይ ቡና የሚቆሉት በዚያ ሰዓት ነው፤ ጭሱ ባጃጅ ያስቆማል።

ጡረታ ከወጣሁ 3 ዓመቴ ነው። 27 ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚያርመው ደብተር ያጣና ሜኑ ማረም ይጀምራል። ሐዋሳ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት። ከአሞራ ገደል አሳ ቤቶች ጀምሮ እስከ አቶቴ ድረስ ያየሁትን የ"ፍራይድ ፊሽ" አጻጻፍ ብሰበስበው አንድ ደብተር ይሞላል። ልጆቼ "እማዬ፣ በናትሽ ዝም ብለሽ ብዪ" ይሉኛል። ይቺን ኬክ ቤት የወደድኳት ሜኑዋ ላይ ሦስት ስህተት ብቻ ስላገኘሁ ነው። አራተኛው ካርዱ ላይ ነበር፤ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለሚበላውና ስለሚጠጣው ልናገር።

ቡናው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ጥሩ ነው። የሲዳማ ቡና እዚያው ደጃፍ ተቆልቶ፣ እዚያው ተፈጭቶ እንዴት መጥፎ ይሆናል? የጀበናው 40 ብር፣ ማኪያቶው 80 ብር። ማኪያቶ ስታዙ "ጠቆር ያለ" በሉ፤ ካላላችሁ ቡና የነካው ወተት ነው የሚመጣላችሁ። ሻይ አትዘዙ።

ብራውኒው 190 ብር ነው። ውድ ነው። መጀመሪያ ቀን "ለአንድ ቁራሽ ጥቁር ኬክ?" ብዬ ከንፈሬን መጥጬ ነበር። ብራውኒ ግን ኬክ አይደለም፤ ብዙዎቹ ኬክ ቤቶቻችን ይህን ስላልተረዱት ነው ቸኮሌት የነካው ድፎ ዳቦ የሚሸጡልን። ኬክ ይነፋል፤ ብራውኒ መነፋት የለበትም። ዱቄቱ ትንሽ፣ ቅቤውና ቸኮሌቱ ብዙ፣ ቤኪንግ ፓውደሩ ወይ ጭራሽ የለም ወይ ለስሙ ያህል ነው። በደንብ የተጋገረ ከሆነ ላዩ በበጋ እንደ ሐይቅ ዳር ጭቃ ስስ ሆኖ ይሰነጠቃል፤ ሹካ ስትሰዱበት ግን ውስጡ እርጥብ ነው፣ ሹካው ላይ ይቀራል። የዚህ ቤት ብራውኒ ማክሰኞና ቅዳሜ ልክ እንዲህ ነው፤ የሚጋገረው በእነዚህ ቀናት ነውና። ሰኞ የሄደ ሰው የሚበላው የቅዳሜውን ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሌሊት ስላደረ ጠርዙ ጥርስ ይፈትናል። ፈረንጆቹ ዋልነት በሚከቱበት ቦታ እሱ የተቆላ ለውዝ ከቷል። ይህን ከልቤ ወድጄዋለሁ። ለውዙ ቸኮሌቱን ከመራራነቱ ሳያላቅቅ ያለሳልሰዋል፤ ዋልነት የቀመስኩት ሁለቴ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ መድኃኒት መድኃኒት ብሎኛል። ስታዙ ከመሀል የተቆረጠውን ጠይቁ። አስተናጋጇ ሳትጠየቅ የምታመጣው ጠርዙን ነው፤ ጠርዙ ቀድሞ ማለቅ አለበታ።

ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው። ውኃ በሌለበት ቀን እንኳ ባልዲ ሞልቶ ይቀመጣል። ይህን የምጽፈው በእኔ ዕድሜ ላሉ ሰዎች ነው።

አሁን ወደ ካርዱ። ለሦስተኛ ጊዜ የሄድኩ ዕለት ሒሳብ ስከፍል ካሸሯ አንድ ትንሽ ካርድ ሰጠችኝ። ቢዝነስ ካርድ የሚያህል፣ ቡናማ፣ ከጀርባው አሥር ባዶ ክብ ያለበት። አንድ ቡና ስትጠጡ አንዱ ክብ ላይ የጀበና ቅርጽ ያለው ማኅተም ይመታላችኋል፤ አሥሩ ሲሞላ አንድ ብራውኒ በነፃ። የአየር መንገዱ ሸባ ማይልስ በስኒ ሲለካ ማለት ነው። ከፊት ለፊቱ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል "ኧርን ብራውኒ ፖይንት ፍሮም አስ" ይላል።

መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩና እንደገና አነበብኩት።

"ይህን የጻፈው ማነው?" አልኳት።

"ባለቤቱ ነው፣ እማማ። ልጥራው?"

ጠራችው። ከኩሽና እጁ ላይ ዱቄት እንዳለ ወጣ፤ ገና ሲያየኝ "ቲቸር!" ብሎ ጎንበስ አለ። ፊቱን ሳይሆን ጎንበስ ሲል ነው ያወቅኩት። 10ኛ ሲ፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል። ዳስተር ያዤ ነበር።

"አንተ፣ ይሄ አባባል ከየት መጣ?"

"ከእርስዎ ነዋ!" አለኝ፣ እየሳቀ።

እውነቱን ነው። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንዲት እንግሊዛዊት በጎ ፈቃደኛ መምህርት ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰል ላይ ድስት ጥዳ፣ ክዳኑ ላይም ፍም ደርድራ ብራውኒ ትጋግርልን ነበር። ስታፍ ውስጥ አንዱ ወንበር ሲያቀብላት ወይም ሻይ ሲቀዳላት "ብራውኒ ፖይንትስ!" ትልና ትስቃለች። እኔ ሁለቱን አገናኘኋቸው። ነጥብ የያዘ ሰው ቅዳሜ ብራውኒው ይደርሰዋል ማለት ነው ብዬ፣ ከዚያም አልፎ ቃሉ ጣፋጭ ምስጋና ነው ብዬ፣ መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ ክፍል ይዤው ገባሁ። ማኒላ ወረቀት ላይ የ64 ተማሪ ስም ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ብላክቦርድ ላጸዳ፣ ጠመኔ ከቢሮ ላመጣ፣ ደብተር ለሰበሰበ በቡናማ ፓርከር አንድ ክብ። ይህ ልጅ በአንድ ሴሚስተር 31 ክብ ነበረው። በሰዋስው ፈተና ግን ከ30 ያገኘው 11 ነበር፤ ይህንንም ያስታወሰኝ እሱ ራሱ ነው፣ ኬክ ቤቱ መሀል ቆሞ።

ስለዚህ የካርዱ ስህተት የእሱ አይደለም። አርሜው ልሄድ የተነሳሁትን ሴትዮ መልሳችሁ አስቀምጧት።

ብራውኒ ፖይንትስ ማለት አንድ ሰው አለቃው፣ መምህሩ፣ አማቱ ወይም ሚስቱ ዘንድ ፊት ለማግኘት ብሎ በሚሠራት ትንሽ በጎ ነገር የሚያተርፈው፣ የትም መዝገብ ላይ የማይሰፍር ነጥብ ነው። ማርክ አይደለም፤ ከፈተና ጋር አይደመርም። ቀልድ አለበት፣ በቀልዱ ውስጥ ደግሞ ትንሽ መርፌ አለበት። ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ቢሮውን ዘግቶ ሲወጣ የአለቃውን ቦርሳ ተሸክሞ እስከ መኪናው የሚሸኝ ባልደረባ ካላችሁ፣ ብራውኒ ፖይንትስ እየሰበሰበ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። አሞገስነው ብላችሁ ካሰባችሁ ግን ተሳስታችኋል። ስለራሳችሁ ብትናገሩት ደግሞ መርፌው ይጠፋና ቀልዱ ብቻ ይቀራል፦ ዛሬ ሰሃን ያጠብኩት ለብራውኒ ፖይንትስ ነው፣ ይላል ባል፣ ሚስቱም ትስቃለች። አባባሉ በፈረንጆቹ 1951 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሚታተም ጋዜጣ ላይ የወጣውም በዚሁ መልኩ ነበር፤ ባሎች ሚስቶቻቸው ዘንድ ያላቸውን ሒሳብ እንዴት እንደሚቆጥሩ የሚያወራ ጽሑፍ ላይ።

አገባቡን በተመለከተ፣ "ፖይንትስ" መጨረሻው ላይ ያለችው "ስ" አትጣልም፤ አንድ ነጥብ ብቻውን ያገኘ ሰው እምብዛም አይወራለትም። ግሱ "ኧርን" ቢሆን፣ "ስኮር" ወይም "ጌት" ቢሆን ያስኬዳል። ዋናው ጣጣ ግን መስተዋድዱ ላይ ነው። ነጥቡ የተገኘበትን ምክንያት ለመናገር "ፎር"፣ ነጥቡን የሚቆጥረውን ሰው ለመናገር ደግሞ "ዊዝ" ነው የሚባለው። "ፍሮም" የሚሉ ፈረንጆችም አይጠፉም፤ የለመደውና ጆሮ የሚቀበለው ግን "ዊዝ" ነው። እኛን ወደ "ፍሮም" የሚገፋን የራሳችን "ከ" ነው፤ ነጥብ ከአንድ ሰው ይገኛላ። ታዲያ አማርኛችን ትክክለኛውን ቃል አጥቶት አይደለም። "አለቃው ዘንድ ሞገስ አገኘ" እንላለን እንጂ "ከአለቃው ሞገስ ወሰደ" አንልም። ይቺ "ዘንድ" ናት "ዊዝ"። 27 ዓመት ሙሉ "ዊዝ ማለት ጋር ማለት ነው" እያልኩ ሳስተምር፣ ከ"ጋር" በተጨማሪ "ዘንድ" እንደምትሆን አንድ ቀን እንኳ አላነሳሁም። ከእኔ በኋላ የመጡት መምህራን ይህችን ብቻ ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ኬኩስ? ከአባባሉ ጋር ዝምድና ያለው የመሰለን እኔና ልጁ ብቻ አይደለንም። የቃላትን ምንጭ የሚያጠኑ ሰዎች በዚህ አባባል ላይ አልተስማሙም፤ በብዛት የሚያነሷቸው ግምቶች ግን ከምድጃ የራቁ ናቸው። አንዱ የሴት ስካውቶችን ይጠቅሳል። በፈረንጆቹ 1914 እንግሊዝ ውስጥ ለትንንሽ ልጃገረዶች አንድ የስካውት ክፍል ተቋቁሞ "ሮዝባድስ"፣ እንደ እኛ አነጋገር "የጽጌረዳ እምቡጦች" ተባለ። ልጆቹ ስሙን ጠሉት፤ በ1915 "ብራውኒስ" ተብለው ተሰየሙ። በጎ ሥራ እየሠሩ ባጅ ይሰበስባሉና አባባሉ ከእነሱ ወጣ ይባላል፤ "ብ"ን በትልቁ ፊደል የሚጽፉትም ይህን ይዘው ነው። ሌላው ግምት ወደ አሜሪካ ባቡር ይወስደናል። በ1886 ብራውን የሚባል የፎል ብሩክ ባቡር ኃላፊ፣ ያጠፋ ሠራተኛን ከሥራ ከማገድ ይልቅ መዝገብ ላይ ነጥብ መያዝ ጀመረ፤ ሠራተኞቹም ነጥቦቹን በስሙ "ብራውኒስ" አሏቸው። እነዚያ ግን የጥፋት ነጥቦች ነበሩ! መጽሔት እያዞሩ ለሚሸጡ የአሜሪካ ልጆች ይሰጥ ስለነበረ ቡናማ ኩፖንም የሚያወሩ አሉ። አንድ ሌላ ግምት ደግሞ አፍንጫን ይመለከታል፤ እሱን ስለሚበላ ነገር በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ አላስገባውም።

ከዚህ ሁሉ የማረከኝ የስካውቶቹ ስም የተወሰደበት ተረት ነው። በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ አፈ ታሪክ ብራውኒ ማለት ሰው ቤት የሚኖር ትንሽ መንፈስ ነው። ሰው ሲተኛ ተነስቶ ይጠርጋል፣ እህል ይወቃል፣ ያልታጠበ ዕቃ ያጥባል። የሚፈልገው ምድጃ ዳር የተተወለት ወተት ወይም ክሬም ብቻ ነው። ባለቤቶቹ ውለታውን እንክፈል ብለው ልብስ ቢሰጡት ግን ወይ ይከፋዋል ወይ ነፃ ወጣሁ ይላል፤ ብቻ ከዚያ ቤት ለዘለዓለም ይሄዳል። አስቡት እንግዲህ፣ ነጥብ ቆጣሪ ነገር ሁሉ በስሙ ተጠርቶ፣ እሱ ራሱ ግን ሲቆጠርለት የሚሸሽ። ይህን ለተማሪዬ ስነግረው ደጃፉ ላይ ምጣድ የሚያማስሉትን እናቱን በአገጩ አሳየኝ። "እሷ ናታ" አለ። አምና ደመወዝ ሊቆርጥላቸው ሲሞክር ሦስት ቀን አኩርፈውት ቡናውን ሌላ ሰው ቆላው አሉ፤ ያን ሰሞን ደንበኛ ሁሉ "ቡናው ምን ሆነ?" ሲል ነው የሰነበተው።

"በአማርኛ ብናደርገውስ ቲቸር፣ ምን ይባላል?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ብዙ አሰብኩበት። "ደጅ መጥናት" መጀመሪያ የሚመጣ ነው። ጌታው ከበቅሎ ሲወርድ ዕርካብ ለመያዝ፣ ካልሆነም በዓይኑ ለመግባት ብቻ ከንጋት ጀምሮ ደጃፍ የሚቆም ሰው ነጥብ እየሰበሰበ ነበር። ነገር ግን ደጅ ጠኚ የሚጠብቀው ሹመት ወይም መሬት ነው፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቆማል። ብራውኒ ፖይንትስ ያን ያህል አይከብድም። "ማሽቃበጥ" ደግሞ ስድብ ነው፤ ካርድ ላይ ብታትሙት ደንበኛ ያባርራል። "ነጥብ ማስቆጠር" ይቀርበዋል፤ ከኳስ ሜዳ ተነስቶ ፖለቲካው ውስጥ ገብቷል፣ "ይሄን የተናገረው ነጥብ ለማስቆጠር ነው" ስንል መርፌዋም አብራ አለች። ግን "አሥር ቡና ጠጥተው እኛ ዘንድ ነጥብ ያስቆጥሩ" ብሎ የሚጽፍ ኬክ ቤት ያየ ሰው የሚጠይቀው ማን ማንን ደጅ እንደሚጠና ነው። ደንበኛን ደጅ መጥናት ያለበት ቤቱ እኮ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው ይቅር አልኩት። "ፍሮም" ወደ "ዊዝ" ይለወጥ፣ "ስ"ዋ ትግባ፣ ከዚያ በኋላ ስህተት መሆኑ ቀርቶ ጨዋታ ይሆናል፤ ብራውኒ የሚያስበላ ብራውኒ ፖይንትስ።

"1000 ነው ያሳተምኩት፣ ቲቸር" አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ካሸሯ ፊት የካርድ ክምር ነበር። አንድ በአንድ፣ በቀይ እስክሪብቶ "ፍሮም" ተሰርዞ ከላዩ "ዊዝ" ተጽፏል፤ "ስ"ዋም በጎን ተጨምራለች። 6ኛ ክፍል ያለች ልጁ ናት ያረመችው። እንደ ታረመ ደብተር ነው የሚመስሉት፤ ደንበኞች ሆን ተብሎ የተሠራ ዲዛይን መስሏቸው ፎቶ ያነሳሉ። ሄዳችሁ ያልታረመ ከሰጧችሁ አስለውጡ።

ግድግዳው ላይ ለወሩ ምርጥ ሠራተኛ በተሰቀለው ወረቀት ላይ ያለችው "ኩዶ" ግን እስካሁን አልተነካችም። "ኩዶስ" ክብርና ዝና የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው "ስ" ብዙ ቁጥር አይደለችም፣ የቃሉ የራሱ አካል ናት። ከፖይንት ላይ "ስ" ጥለው ከኩዶስም ላይ ጣሉ። ቢያንስ አድሏቸው የለም።

አሁን ወቀሳዬ። ማኅተሙ የሚቀመጠው በካሸሯ መሳቢያ ነው፣ መሳቢያው ደግሞ በቁልፍ ነው። ካሸሯ ለምሳ ስትወጣ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ቡና አይደለም። "ነገ ይምጡና እመታልዎታለሁ" ትባላላችሁ፤ ነገ ስትመጡ "ደረሰኝ ይዘዋል?" ነው። አንድ ቀን ደግሞ አዲስ የተቀጠረ ልጅ "ማኪያቶ አይቆጠርም፣ ካርዱ የሚለው ቡና ነው" ብሎኛል። ማኪያቶ ቡና ካልሆነ ምንድነው? ልጁን አልተቆጣሁትም፤ ቃል በቃል ማንበቡን እንዲያውም ወደድኩለት፣ ግን ማኅተሜን ይዤ ነው የወጣሁት። ባለቤቱ ይህን ሲያነብ ማኅተሙን ከመሳቢያ ያውጣው።

ትልቁ ጣጣ የጾሙ ነበር። ካርዱ የሚያገለግለው 2 ወር ነው፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በጾሙ መግቢያ ካርድ የጀመረ ሰው ቡናውን እየጠጣ አሥሩን ሊሞላ ይችላል፤ ቅቤና እንቁላል ያለበትን ሽልማቱን ግን የሚበላበት ቀን አምስት ብቻ ነው። እኔ አሥሩን የሞላሁት በጾሙ እኩሌታ ነበር። ፕሮቴስታንት ጎረቤቴ የእሷን ነፃ ብራውኒ እኔ ፊት በሹካ እየቆረሰች "ውይ፣ ለካ አንቺ ጾም ነሽ" ስትለኝ፣ ጾም ከምላስም መሆኑን አስታውሼ ዝም አልኩ። ሄጄ ለባለቤቱ ነገርኩት። የእኔ አቤቱታ ብቻውን ይሁን የሌሎቹ ተደምሮ፣ በሳምንቱ የጾም ብራውኒ አወጣ፤ በቅቤው ፈንታ ዘይትና አቮካዶ። በአቮካዶ አገር አቮካዶ መጠቀም የማን ብልሃት እንደሆነ አልጠየቅሁም። በተጋገረ ዕለት ከፍስኩ ብዙም አያንስም፣ እንዲያውም የበለጠ ይለሰልሳል። ባደረ ማግስት ግን አትንኩት፤ ሣር ሣር ይላል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ከዚህ ኬክ ቤት ጋር በቀጥታ አይገናኝም፣ ግን ካርዱን ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ እሱ ነው።

የዛሬ 15 ዓመት ገደማ አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ለውጭ አገር ስኮላርሺፕ ሲያመለክት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍኩለት። አንድ ገጽ ለመጻፍ ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል። ከሁሉ የኮራሁባት ዓረፍተ ነገር "ሂ ሃዝ ኧርንድ ሜኒ ብራውኒ ፖይንትስ ዊዝ ኦል ሂዝ ቲቸርስ" የምትለው ነበረች። ተመልከቱ፣ "ዊዝ" በትክክል ገብታለች፣ "ስ"ዋም አለች። ሰዋስው ቢታረም ሙሉ ማርክ። እኔ ልል የፈለግሁት መምህራኑ ሁሉ ያከብሩታል ነው። ለዚህ "ሪስፔክት" የሚባል፣ የ7ኛ ክፍል ልጅ የሚያውቀው ቃል ነበረልኝ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በአንድ የክረምት ሥልጠና ላይ አባባሉን ስጠቀም አሠልጣኙ በትሕትና "ምን ለማለት ነው?" ብሎ ጠየቀኝና አስረዳኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደብዳቤውን ያነበበው ሰው ያየው መምህራኑን ሁሉ ደጅ ሲጠና የኖረ ልጅ ነው።

ስኮላርሺፑን አላገኘም። እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ተማረ፤ አሁን ፒያሳ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሁለት ልጆች አሉት። መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ቆሞ፣ ኮፍያ ካደረገም አውልቆ ነው ሰላም የሚለኝ። አልነገርኩትም።

ያለፈው ሐሙስ ጠቆር ያለች ማኪያቶዬን ጨርሼ ሒሳብ ስጠይቅ አስተናጋጇ "ተከፍሏል፣ ቲቸር" አለችኝ። ዞር ስል ካሸሯ ጋ ቆሟል፣ ስልኩን ይዞ፣ በቴሌብር ከፍሎ ሊወጣ ሲል። "ኧረ አንተ፣ ለምን?" አልኩት። "ምን አላት፣ ቲቸር" አለኝ። ካሸሯ መሳቢያዋን ከፍታ ማኅተሙን አወጣችና፣ የከፈለው እሱ የጠጣሁት እኔ ስለሆንኩ፣ በማን ካርድ ላይ ልምታው ብላ ሁለታችንንም አየችን። እሱ ካርድ አለው፤ ከቦርሳው ጫፉ ሲወጣ አይቻለሁ።

"በቲቸር ላይ ምቺው" አለና ወጣ።

ስምንተኛ ማኅተም ነው። ሁለት ይቀረኛል፤ ፍልሰታ ሳይገባ ልጨርሰውና የቅቤውን ልብላ።